ሦስት ጊዜ ሲጠይቋት

ጥር 14

ውሃ በስድስተኛ ቀኗ መጣች። ጧት ቧንቧው ሲያንኮራፋ ሰምቼ ፈትሂያን ቀሰቀስኳት። እሷ በርሜሉን ስትሞላ እኔ ደጃፍ ቆሜ ኬሚስትሪ ጠየቅኋት። አንድ ሳተች። ከመጀመሪያው አስጀመርኳት። በርሜሉ ሞልቶ ፈሰሰ፤ እሷ ግን ሳትጨርስ አላቆመችም። እንዲህ ነው።

ጉልበቴ ዛሬም አልተሻለውም።

ከሰዓት ዝናሽ መጣች። ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ክፍል አስተምረን፣ ጡረታ ከወጣን ወዲህም በሳምንት አንዴ ሳታየኝ አትቀርም። ፈትሂያ ሻይ አቅርባ በሩ አጠገብ ቆመች። ተቀመጪ እስክላት ቆመች።

"ምነው ሙሚና፣ ይቺን ልጅ ወታደር አደረግሻት እኮ!"

"ሥርዓት ነው።"

"ሥርዓትስ ሥርዓት ነው፤ ግን አንዳንዴ ትሳቅ እንጂ።"

እናቷ ከሞተች አስራ አንድ ዓመት ሆነ። የልጄን ልጅ እንደ ልጄ ይዤ አሳደግኳት። ታላቅ ንግግሩን ሳይጨርስ አትናገርም። ሳይፈቀድላት አትጠይቅም። እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት። ምን ሆንኩ?

ጥር 21

ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ፎቶ ተፈልጎ ነበር። ጆሮ ይታይ ተባለ። ፈትሂያ ሂጃቧን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ፣ ሁለት ጆሮዋን አውጥታ ተነሳች። መዝጋቢው ፎቶውን ወረወረላት። ሙሉ በሙሉ አውልቀሽ ነይ አላት።

"አውልቂና ተነሺ" አልኳት። "አንድ ደቂቃ ነው።"

"እምዬ፣ ልጠይቅሽ?"

"ጠይቂ።"

"አንቺ ስታወልቂ ለስንት ደቂቃ ነበር?"

ሻዬን ጠጣሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ባዶ ራሴን አስተምሬያለሁ። ቤት ስገባ እለብሳለሁ፣ ስወጣ ደጃፍ ላይ ወደ ቦርሳዬ እከተዋለሁ። ማንም አስገድዶኝ አያውቅም… ማስገደድ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ጥር 25

ፈትሂያ ሦስት ቀን ተመላልሳ በዚያው ፎቶ ተመዘገበች። አልጮኸችም። ወረቀቱን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ሲያባርሯት ትሄዳለች፤ በማግስቱ ትቆማለች። መጨረሻ ላይ ርዕሰ መምህሩ ሰልችቶት ፈረመ።

ይህንን እኔ አላስተማርኳትም። ማን አስተማራት?

የካቲት 4

ዐብዱልከሪም ሱቁን ዘግቶ መጣ። በሥራ ቀን ልጄ፣ የፈትሂያ አባት፣ ሱቁን ከዘጋ ነገር አለ።

ፈትሂያን ወደ ጓዳ ላካት።

"እማ፣ ሰው ጠይቆኛል። ጀማሉዲን። መተማ ሰሊጥ የሚነግደው። ሸጋ ልጅ ነው፤ ሰላቱን አያጓድልም።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሠላሳ አንድ።"

"እሷ አስራ ስምንት ከሦስት ወሯ ነው።"

"እንግዲያማ ደርሳለች።"

"ፈተናዋስ?"

"የቱ ፈተና? ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት ሁለት ዓመቷን በላው። አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ ሳምንት እያደራችሁ ነው የምትፈተኑት አሏቸው። በዚህ ጊዜ? በዚህ ተኩስ? ልጄ ከቤት ውጭ አታድርም።"

"የሁሉም ልጅ ነው የሚያድረው።"

"የሁሉም ልጅ የእኔ አይደለም።" ድምፁ ከፍ አለ። "የጡረታ ደብተርሽን አውጪና እይው እስቲ። ሙሚና የምትባል ሴት እዚያ ውስጥ አለች? ዓይናለም ናት ያለችው። ልጅ ሆኜ ጓደኞቼ እናትህ ክርስቲያን ናት እንዴ ሲሉኝ ምን እመልስ የነበረ ይመስልሻል? ይቺ አገር ዲፕሎማ የሰጠችሽ በምትኩ ስምሽን ተቀብላ ነው። ከልጄ ምን እንደምትቀበል ቆሜ አላይም።"

"ድምፅህን ቀንስ" አልኩት።

የምለው ሳጣ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው።

የካቲት 5

የትናንቱ ሲመላለስብኝ ዋለ።

1949 ዓ.ም. ነው። አባቴ ሸማኔ። እጄን ይዞ ከአዲስ ዓለም ሰፈራችን እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ አንድ ቃል ሳይናገር ወሰደኝ። ዘመዶቹ ሴት ልጅ አስኳላ ትገባለች ወይ ብለው ተጣልተውት ነበር። መምህሯ እትዬ ሸዋአየሁ መዝገቡን ከፍተው "ስም?" አሉ። "ሙሚና" አለ አባቴ። እትዬ ብዕሩን አነሱት። "ይኸማ ለልጆቹ አፍ ያስቸግራል። ዓይናለም እንበላት። ሸጋ ስም ነው።" አባቴ ትንሽ ቆየ። "እንዳሉ" አለ።

ያኔ በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች ነበር የምንባለው። የሚኖሩ። እንግዳ ሰው እንደሚባለው። የአባቴ አያትም ጎንደር ተወልዶ ጎንደር ነው የተቀበረው፤ ግን መሬት አይገዛም፤ ይሸምናል፣ ይነግዳል፣ ይኖራል።

እትዬ ሸዋአየሁ ግን በማስመሪያ ጣታችንን ሲመቱ እኔን ከሌሎቹ ለይተው አያውቁም። ለዚህ እወዳቸው ነበር። እኩል መመታት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር… ልጄ ይህን ቢሰማ ምን ይላል?

ጎበዝ አደረጉኝ። እውነት ነው። የዐብዱልከሪምም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት አንድ ላይ ምን ላድርጋቸው?

የካቲት 19

ዐብዱልከሪም ከጀማሉዲን ወገኖች ጋር ነገሩን ጨርሶ መጣ። ኒካሁ፣ የጋብቻው ውል፣ ከረመዳን በኋላ፣ በሸዋል ወር።

"ጠየቅሃት?"

"በኒካሁ ቀን ትጠየቃለች። ሸሪዓው ያዛል።"

ይህ ትክክል ነው። ሳትጠየቅ አይታሰርም።

መጋቢት 3

ፈትሂያ ጾሟን ፈትታ፣ ሳህኑን አንስታ፣ እጇን ታጥባ መጣች። ቆመች።

"እምዬ፣ ልናገር?"

"ተናገሪ።"

"አልፈልገውም።"

"ምን አደረገሽ?"

"ምንም። አላውቀውም። ክፉ ነውም አልልም። ተፈትኜ የውሃ ምህንድስና መማር ነው የምፈልገው። በስድስት ቀን አንዴ ውሃ የሚመጣበት ከተማ የውሃ መሐንዲስ አያስፈልገውም?"

ሳቅ አልኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ሲጠይቁኝ እምቢ እላለሁ።"

ደነገጥኩ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ የሰውየው አጎቶች ከመተማ ድረስ መጥተው፣ ሴት ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ እምቢ ብላ ስትጮህ ታየኝ። በማግስቱ አዲስ ዓለም ውስጥ የማያወራው የለም። ማን አሳደጋት ነው የሚሉት።

"አንቺ አፍሽን እንዳትከፍቺ" አልኳት። "ዝም በይ። እኔ አለሁ፤ እኔ እናገራለሁ። የሚጠይቅሽ ሼህ ኑርሑሴን ነው። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይሰማኛል። በሥርዓት እነግረዋለሁ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

"የለም" አለች።

መጋቢት 22

ዒድ። ዐብዱልከሪም የኒካሁን ቀን ቆርጦ መጣ። ሚያዝያ 5። ፈትሂያ ቀኑን ሙሉ ስታጠና ዋለች። አንድ ሁለቴ ቀና ብላ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት፤ አለሁ ለማለት።

ሚያዝያ 5

ኒካሁ ታሰረ።

ዛሬ አልጽፍም።

ሚያዝያ 6

ልጻፈው። እንዳለ።

ሆሳዕና ነበር። ጎረቤቶቻችን ዘንባባቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የእኛ እንግዶች ይገቡ ነበር። ደጃፍ ላይ ተላልፈው እንኳን አደረሳችሁ ተባባሉ። ነገሩን የነገርኳት ዝናሽ ጣቷ ላይ የዘንባባ ቀለበቷን አድርጋ ብቅ ብላ አየችኝና "ትናገሪያለሽ አይደል?" አለችኝ በጆሮዬ። "ጊዜው ሲደርስ" አልኳት።

ወንዶቹ ሳሎን። እኛ ሴቶቹ ውስጥ፣ መሐል መጋረጃ። ፈትሂያ አጠገቤ፣ እጇ እጄ ውስጥ። ሼህ ኑርሑሴንና አንድ ሌላ ምስክር መጋረጃው ድረስ መጡ።

"ፈትሂያ ዐብዱልከሪም፣ አባትሽ ለጀማሉዲን ሊድርሽ ነው። ወክለሽዋል ወይ?"

ዝም።

ልናገር ነበር። ግን ሦስት ጊዜ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ሰውየው ሥራውን ሳይጨርስ አፉ ላይ አይገባበትም። ይጨርስ አልኩ፤ ሲጨርስ እነግረዋለሁ።

"ፈትሂያ ዐብዱልከሪም፣ ወክለሽዋል ወይ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ተላቀቀ። እጇን ጨበጥ አደረግሁት። ቆይ ማለቴ ነበር።

ሦስተኛውን ጠየቀ። ዝም አለች። እኔ ልነሳ ስል ጉልበቴ ተያዘ፤ ግድግዳውን ይዤ ግማሽ ተነሳሁ። "እትዬ፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፣ ጨርሰናል" አለ ሼህ ኑርሑሴን በአክብሮት። ከዚያ ወደ ሳሎን ዞሮ "የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው" አለ። ማሻአላህ አሉ። እልልታው ቀለጠ።

እልልታው እስኪያበቃ ጠበቅሁ። ሲያበቃ የፋቲሐ ዱዓ ተጀመረ። በፋቲሐ መካከል አይወራም። ከፋቲሐ በኋላ ምግብ ቀረበ።

ፈትሂያ እጇን ከእጄ አወጣች።

ይኸው ነው። መናገር የሚከለክለኝ ማንም አልነበረም። ሰባ አምስት ዓመቴ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ከነበሩት ወንዶች ግማሹን ማስመሪያ አቅምሻቸዋለሁ። ተራዬን ስጠብቅ አለፈ። ተራ የሚሰጥ እንዳለ ሁሉ።

ሚያዝያ 10

አትናገርም። ትታዘዛለች፤ ታበስላለች፤ ታጠናለች። "ፈትሂያ" ስላት ትመጣለች። ትቆማለች።

ሰርጉ በሰኔ መጀመሪያ ይሁን አሉ። ፈተናው በሰኔ መጨረሻ።

ዐብዱልከሪምን ሱቁ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። አትፈልገውም አልኩ። ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ቀና አላለም። "ስትጠየቅ አልተናገረችም። አንቺም አጠገቧ ነበርሽ፣ እማ። አንቺም አልተናገርሽም።"

ሚያዝያ 19

ፈትሂያ ጧት ወጥታ ስምንት ሰዓት ተመለሰች። የት ነበርሽ ስላት ወረቀት ሰጠችኝ። ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ያመለከተችው ነው። በራሷ እጅ። ብቻዋን ሄዳ። አራት መስመር ብቻ። ፈቅጄ አልታሰርኩም፤ ኒካሁ ይፍረስልኝ።

የፊደል ስህተት ፈለግሁበት። የለበትም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ተራሽን ትጠብቂ ነበር" አለች።

ክፉ ቃል ነው። ባለፈው ዓመት ቢሆን በጥፊ እላት ነበር። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት።

ግንቦት 3

የምስክር መጥሪያ መጣልኝ። የሸሪዓው ዳኛ፣ ቃዲው፣ ልጅቱ ለምን ዝም እንዳለች የሚያውቅ ሰው ይቅረብ ብሏል። አፍራ ዝም ካለች ፈቃድ ነው። ታዝዛ ዝም ካለች አይደለም።

የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ግንቦት 8

ዐብዱልከሪም መጣ። አልጮኸም። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ልጅ ሆኖ እንደሚቀመጠው።

"እማ፣ ከተማው ሁሉ ያውቀኛል። የራሱ ልጅ ከሰሰችው እያሉ ሱቄ ድረስ ሊያዩኝ ነው የሚመጡት። አላስታውስም በይ። አንድ ቃል ናት። ማን ይፈርድብሻል? አርጅተሻል።"

"አላረጀሁም።"

"ዝም በይ አልኳት ብለሽ ብትመሰክሪ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ? እሷው አስራ፣ እሷው ልትፈታ መጣች ነው የሚሉሽ።"

አውቃለሁ። ዝናሽም ብትሆን ፊቴን አይታ ይህንኑ አስባለች፤ አላለችኝም እንጂ።

ወላጅ ፊት፣ ተማሪ ፊት፣ ሱፐርቫይዘር ፊት ተሳስቻለሁ ብዬ አላውቅም። ተሳስቼ አላውቅም ነበር ወይስ አልተናገርኩም? አላስታውስም ብል… ሰዉም ያምነኛል። አንገቴን ሳላቀረቅር ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ልጄም ዒድ ሲመጣ ይመጣል።

እሷ መተማ ትሄዳለች።

ግንቦት 15

ጠባብ ክፍል። ቃዲው ወጣት ነው፤ ከልጄም ያንሳል። እኔን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ዐብዱልከሪምና ጀማሉዲን በአንድ ወገን። ጀማሉዲን ዓይኑን ከጫማው አላነሳም። ያን ጊዜ አዘንኩለት፤ እንደማትፈልገው ለእሱስ ማን ነገረው?

ፈትሂያን ተናገሪ አላት። ቆመች። "ጠይቀውኛል" አለች። "አልጠየቁኝም አልልም። ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል። እምቢ ልል ነበር። እምዬ ዝም በይ ስላለችኝ ዝም አልኩ። እጄን ይዛ ነበር።" ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ቀና ብላ ነው የተናገረችው። ቃዲውን ዓይን ዓይኑን እያየች።

እኔን አስማለኝ።

"ልጅቱን እንግዲህ በሥርዓት ነው ያሳደግኋት፣ እናቷ ከሞተች…"

"እናቴ፣ አስተዳደግዎን አይደለም የጠየቅሁዎት። ዝም በይ ብለዋታል?"

ዐብዱልከሪም አየኝ።

"ብያታለሁ።"

"ለምን?"

"እኔ ልናገርላት።"

"ተናገሩ?"

"አልተናገርኩም።"

"የከለከለዎ ሰው ነበር?"

"የለም።"

ጸሐፊው ጻፈው። ጮክ ብሎ አነበበው። አያትየዋ ልጅቱን ዝም በይ ብላ፣ እኔ እናገራለሁ ብላ፣ ሳትናገር ቀረች። "ትክክል ነው?" አለኝ። ትክክል ነው አልኩ። ፈረምኩ። የእኔ ስልሳ ስምንት ዓመት የፊደል ዕውቀት ለዚህ ነበር?

ውጭ ሼህ ኑርሑሴን ቆሞ ጠበቀኝ። ጢሙ ሸብቷል፤ ያኔ ፊት ወንበር ላይ እግሩ መሬት የማይደርስ ልጅ ነበር።

"እትዬ፣ አንድ ቃል ብቻ ቢሉኝ እኮ እቆም ነበር። ወላሂ እቆም ነበር።"

ግንቦት 25

ኒካሁ አልጸናም ተባለ። ፈትሂያ ነጻ ናት።

ግንቦት 29

ዒድ አል አድሐ። ዐብዱልከሪም አልመጣም። ከጎረቤት ሁልጊዜ የሚላክልን ሥጋም አልመጣም። ዝናሽ ብቻ መጣች፤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጣ ስለ ዝናብ አወራችኝ።

ሰኔ 29

ፈትሂያ ዛሬ ጧት ፈተና ግቢ ገባች። አባቷ ከፍርዱ በኋላ አልከለከላትም፤ አልፈቀደላትምም። ልጅ የለኝም ብሏል አሉ።

ልብሷን ሁሉ ነው ያሰረችው። ለሳምንት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል አልኳት።

"ከፈተናው በኋላ አዘዞ አክስቴ ዘንድ ነው የምገባው።"

"ምነው? ምን ጎደለብሽ?"

"ምንም አልጎደለብኝም፣ እምዬ። እዚህ ቤት ሳይፈቀድልኝ ማሳል እፈራለሁ።"

"መሰከርኩልሽ እኮ!" አልኩ። አፌ ነው ያወጣው። ማለት አልነበረብኝም።

"መስክረሻል። ሳትጠየቂ ግን አልመሰከርሽም።"

የመፈተኛ ካርዷን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። አየሁት። ፈትሂያ ዐብዱልከሪም ይላል። ፎቶዋም ያው ነው፤ ሂጃቧ ከነጆሮዋ። አገሪቱ ማህተም መታበታለች። ማንም ሌላ ስም አላወጣላትም፤ እሷም አላስወጣችም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አለኝ እንዴ? ቀናሁ መሰለኝ። በልጅ ልጄ።

ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ጉልበቴን ሳመች። ዱዓ አድርጊልኝ አላለችም። እኔም ሳልጠየቅ ፊቷ አላደረግሁም፤ ባጃጁ ከታጠፈ በኋላ ነው እጄን ያነሳሁት።

ሐምሌ 10

ፈተናው አልቋል። ከዝናሽ ነው የሰማሁት። አዘዞ ገብታለች። ፊዚክሱ ከብዷት ነበር አሉ።

ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ከታችኛው ሰፈር አበቡ የምትባል ሴት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ይዛ መጣች። በየክረምቱ ልጆች አስጠናለሁ፤ ዘንድሮ የመጀመሪያዋ ናት። የእኛ ሰፈር እናቶች አልላኩም።

"እትዬ፣ ይቺን ልጅ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያስተካክሉልኝ" አለች አበቡ። "አፏ አያርፍም። ሰው ሲያወራ ትገባለች። ለምን፣ ለምን፣ ለምን… ራሴን አዞረችው። ቁጥሩም ፊደሉም ይቅር፤ ይቺን አፏን ብቻ ይዝጉልኝ።"

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። መንገድ ላይ በደንብ ተመክራ እንደመጣች ያስታውቃል። እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋለች። ሸጋ አቋቋም ነው። አምና ቢሆን አመሰግናት ነበር።

"ተቀመጪ" አልኳት። ተቀመጠች።

"ስምሽ ማነው?" ነገረችኝ፤ በሹክሹክታ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ክፍል ስገባ የመጀመሪያው ቃሌ ጸጥታ ነበር። ሁለተኛውን ቃል ከየት ላምጣው?

"ለምን የምትይው ነገር አለ አሉኝ" አልኳት። "እስቲ እኔን ጠይቂኝ። የፈለግሽውን። ሳልጨርስም ቢሆን ግቢብኝ።"

ልጅቱ እናቷን አየች። እናቷ ደንግጣ እኔን አየችኝ።

እኔ ማንን ልይ?